ውሃ ላይ የነበረ ኤርፖርት

አያቴ የዛይ ልጅ ናት። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ተወልዳ፣ እዛው አድጋ፣ እዛው ወልዳ፣ ልጆቿ ተራ በተራ ሀዋሳ ሲገቡ ነው እሷም ተከትላ የመጣችው። አሁን አቶቴ እኛ ጋ ነው ያለችው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ፍቅር ሐይቅ እንወስዳታለን፣ ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋዩ ላይ ትቀመጥና ውሃውን ዝም ብላ ታየዋለች፣ ከዛ ሁሌም የምትለው ያው ነው፤ «ደሴት የሌለው ሐይቅ ምን ያደርጋል? ሰው የማይሻገረው!» በሷ ሚዛን ሀዋሳ ሐይቅ ትልቅ ኩሬ ነው በቃ። አሳውንም ቢሆን ታማዋለች፣ እሱን ግን ስታማ እየበላች ነው።

የዛሬውን ጽሑፍ ያመጣብኝ ግን ሌላ ደሴት ነው፣ በጣም ሩቅ ያለ። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬ 30 ፐርሰንት ቀርቶት፣ ቆጥቤ ልተኛ እያልኩ ዩቲዩብ ውስጥ ስገላበጥ አንድ የድሮ ፊልም ላይ ወደቅኩ። አራት ሞተር ያለው ግዙፍ አውሮፕላን፣ ሆዱ እንደ ጀልባ፣ ከላይ መጥቶ ውሃውን ሰንጥቆ ያርፋል፣ ከኋላው ሁለት ጥቁር ተራራ ገደል ሆኖ ቆሟል። ከዛ አውሮፕላኑ ውሃው ላይ ቀስ ብሎ ይዞርና ይቆማል፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ ከዳር ተነስታ ትጠጋዋለች፣ ሴቶች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በጎኑ በር ይወርዳሉ። ባትሪዬን እዛው ጨረስኩት። በነጋታው ደግሞ ቀጠልኩ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ያህል ቅዳሜና እሁዴን በላው።

ደሴቷ ሎርድ ሃው ትባላለች፣ የአውስትራሊያ ናት። ከሲድኒ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ውቅያኖስ መሀል። ርዝመቷ 10 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቷ በሰፊው በኩል 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ እኛ ሐይቅ ውስጥ ብትከቷት ግራ ቀኙ ውሃ ሆኖ ትቀመጣለች። ያ ፊልሙ ላይ ያየሁት ተራራ አንዱ ጋወር ነው፣ 875 ሜትር፣ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣ። የሚኖርባት ሰው በመቶዎች ነው የሚቆጠረው፣ በ1834 ነው ሰው መኖር የጀመረባት (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ)። በምዕራብ በኩል የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር ዘግቶላት ውስጡ የተረጋጋ ውሃ አለ። ይሄን የተረጋጋ ውሃ ያዙልኝ፣ ታሪኩ በሙሉ እሱ ላይ ነው።

እዚች ደሴት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው አውሮፕላን ራሱ ጉድ ነው። በ1931 ፍራንሲስ ቺቼስተር የሚባል እንግሊዛዊ ከኒውዚላንድ ብቻውን፣ ጂፕሲ ሞዝ የምትባል የጨርቅና የእንጨት አውሮፕላን ላይ ጎማውን አውጥቶ ተንሳፋፊ ገጥሞባት፣ መንገዱን በፀሐይ እየለካ መጣ። ያን ሁሉ ባሕር አንድ ነጥብ የምታክል ደሴት ፈልጎ አገኛት፣ አረፈ፣ አሰራት፣ ተኛ፤ ሌሊት ነፋስ መጥቶ ገለበጠበት። እንግዲህ አስቡት፣ ጋራዥ የለ፣ መለዋወጫ የለ፣ መርከብ የሚመጣው ከስንት ሳምንት አንዴ። ሰውየው ከደሴቲቱ ሰዎች ጋር ሆኖ ክንፏን ከእንደገና ሠራው፣ እንጨቱን ገጣጥመው ጨርቁን ሰፍተው ቀለም ቀብተው፣ ሁለት ወር ፈጀባቸው፣ ከዛ ተነስቶ አውስትራሊያ ገባ። በኋላ ይሄው ሰውዬ ነው በመርከብ ብቻውን ዓለምን ዞሮ ስሙ የገነነው። እኔን ግን የሚገርመኝ እሱ ሳይሆን አውሮፕላን አይተው የማያውቁ ሰዎች የመጀመሪያውን ሲያዩ ወዲያው መጠገን መጀመራቸው ነው።

አሁን እነዛ ትልልቅ አውሮፕላኖች ወደሚነሱበት ጣቢያ። ሲድኒ ውስጥ ሮዝ ቤይ የሚባል ሰፈር አለ፣ የባሕር ወሽመጥ ላይ፣ እዛ ነው በ1938 የበራሪ ጀልባ ጣቢያ የተከፈተው። በራሪ ጀልባ ያልኩት ቃሉ ሌላ ስለሌለን ነው፣ እግሩ ላይ ተንሳፋፊ ካለው ትንሽ አውሮፕላን ይለያል፣ ይሄኛው ሆዱ ራሱ ጀልባ ነው። ሮዝ ቤይ የሲድኒ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ነበር። ከዛ ተነስተህ እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ለመድረስ ወደ 10 ቀን ይፈጃል፣ ቀን ቀን እየበረሩ ማታ ማታ ሆቴል እያደሩ፣ ሲንጋፖር፣ ካራቺ፣ ባስራ፣ ከዛ ጥብርያዶስ፣ አዎ እራሱ የገሊላ ባሕር ላይ ነበር የሚያርፉት። ይሄን ለአያቴ ስነግራት ምንም አልደነቃትም፣ «ገሊላማ እኛም ጋ አለ» አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ዝዋይ ላይ ገሊላ የሚባል ደሴት አለ።

ለምን ውሃ ላይ? የዛን ጊዜ ትልቅ አውሮፕላን የሚችል የተነጠፈ ሜዳ በየአገሩ የለማ። ባሕርና ሐይቅ ግን ማንም ሳያነጥፈው የተነጠፈ ነው፣ የፈለግከውን ያህል ተንደርደር። በ1937 የተጀመረው የአፍሪካው መስመር ብትሉ ከአሌክሳንድሪያ ዓባይን ይዞ ካርቱም፣ ማላካል፣ ከዛ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ፖርት ቤልና ኪሱሙ እያለ ደርባን ይወርዳል። በጎናችን አለፈ በሉት። ኬንያ ያለው ናይቫሻ ሐይቅ፣ የኛው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ የሀዋሳ ዘመድ፣ እስከ 1950 ድረስ በራሪ ጀልባ ያርፍበት ነበር። አንዳንዴ አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ ለምን እኛ ጋ አላረፈም እላለሁ፣ መልሱ ግን ቀላል ነው፣ ሀዋሳ ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው ከዛ 10 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፣ ለማን ብሎ ያርፋል፣ ለጉማሬ?

ብቻ እኛንም ሙሉ በሙሉ አልዘለለንም። በ1940፣ በኛ ሰኔ 1932፣ ጣሊያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች በሁለት ሳምንቷ፣ ባዝ ከተማ በስደት የነበሩት ጃንሆይ ሚስተር ስትሮንግ በሚል የሐሰት ስም ከእንግሊዝ ተነስተው ሜዲትራኒያንን አቋርጠው አሌክሳንድሪያ የገቡት ሰንደርላንድ በሚባል በራሪ ጀልባ ነው። ከዛ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን በጥር ኦሜድላ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ወደ አገራቸው የመመለሳቸው መንገድ ውሃ ላይ ከሚነሳ አውሮፕላን ነው የጀመረው ማለት ነው፣ እኔ እስካሁን ትምህርት ቤት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰንደርላንድ የጦርነት አውሮፕላን ነው፣ ባሕር ሰርጓጅ አዳኝ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ መትረየሱን እያወለቁ ወንበር ገጠሙበትና ሳንድሪንግሃም ብለው ስም አወጡለት። እነዚህ ሳንድሪንግሃሞች ናቸው ሎርድ ሃው ደሴትን ለሩብ ክፍለ ዘመን ያመላለሷት።

ከ1947 ጀምሮ ማለት ነው። መጀመሪያ ትራንስ ኦሺያኒክ የሚባል ድርጅት፣ በኋላ ደግሞ አንሴት። 40 ምናምን ሰው ይጭናል፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበራል። ከዛ በፊት መርከብ ነበር በየስንት ሳምንቱ፤ የደሴቷ ሰዎች ለገበያ የሚያወጡት ነገር ደግሞ የኬንቲያ ዘንባባ ዘር ነው፣ ያ ሆቴል ሎቢ ውስጥ የምናየው ዘንባባ ከነሱ ነው የመጣው ብትሏቸው ስንቱ ያምናል። ከአውሮፕላኑ በኋላ ቱሪስት መጣ፣ ፖስታ መጣ፣ የታመመ ሰው ሲድኒ መድረስ ቻለ።

እኔ የወደድኩት ግን አሠራሩን ነው። ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ውሃ ጥልቀት የለውም፣ ከሥሩ ኮራል ነው፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ማረፍና መነሳት የሚችለው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነው። እኛ የሐይቅ ልጆች ስለሆንን ይሄ ነገር አይገባንም፣ የኛ ውሃ ቢሞላም በዓመት ነው። ባሕር ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ እየተገፋ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ዛሬ ጠዋት የሞላው ከሳምንት በኋላ በዛው ሰዓት ጎድሎ ነው የምታገኘው። ስለዚህ የበረራው ፕሮግራም የሚወጣው ከጨረቃ ጋር ተማክሮ ነው። ሙላቱ ጎህ ሲቀድ ከሆነ ሲድኒ ውስጥ ተሳፋሪው በእኩለ ሌሊት ሮዝ ቤይ ይሰበሰባል፣ ሻንጣና ሰው ይመዘናል፣ በጨለማው ወሽመጥ ላይ መብራት የያዙ ትንንሽ ጀልባዎች ተደርድረው መንደርደሪያውን ያሳያሉ፣ አንዷ ፈጣን ጀልባ ደግሞ ቀድማ እየሮጠች ተንሳፋፊ ግንድ ወይ የሰው ጀልባ እንዳይኖር ታጸዳለች። አንድ ግንድ ብቻ ሆዱን ከበሳው አለቀ።

ሌላም አለ፣ ይሄን ሳነብ ነው ብድግ ያልኩት። ውሃው በጣም ጸጥ ካለ፣ እንደ መስታወት ከተኛ፣ ችግር ነው። እርጥብ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲጣበቅ አይታችኋል አይደል፣ ልክ እንደዛ ውሃው የአውሮፕላኑን ሆድ ይዞ አልለቅም ይላል። ሆዱ መሀል ላይ እንደ ደረጃ የተሰበረ ነገር አለው፣ አየር እንዲገባበትና ከውሃው እንዲላቀቅ። እሱም ካልበቃ ያቺ ፈጣን ጀልባ ፊት ለፊቱ እየተመላለሰች ውሃውን ትረብሽለታለች። ሲያርፍም እንደዛው፣ መስታወት ላይ ፓይለቱ ከፍታውን መለየት አይችልም፣ ውሃው የት ጋ እንደሚጀምር ዓይኑ አይነግረውም። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት አሞራ ገደል ላይ ሐይቁ ተኝቶ፣ አባ ኮዳዎቹ ቆመው፣ አሳ አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ ባየሁ ቁጥር «አቤት ለመነሳት ሲመች» እል ነበር፤ ለካ በጣም መጥፎው ሰዓት እሱ ነው! ሐይቃችን የሚመቸው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ነው፣ አያቴ ደግሞ በሕይወቷ ያንን ሰዓት ስትሸሽ ነው የኖረችው።

የደሴቷ ውሃም ሁሌ አልታመነም። በ1948 የአየር ኃይል ካታሊና የሚባል በራሪ ጀልባ በሰሜን በኩል ያለው ኮረብታ ላይ ወድቆ ከ9 ሰው 7ቱ ሞቱ። በ1963 ደግሞ ከአንሴት አውሮፕላኖች አንዱ እዛው ታስሮ እያለ ማዕበል ገመዱን በጥሶ አጋጨውና ከጥቅም ውጪ ሆነ። ጦርነቱ ካለቀ ያኔ ስንት ዓመቱ ነው፣ አዲስ የሚሠራም የለ፣ ከኒውዚላንድ አየር ኃይል አንድ አሮጌ ሰንደርላንድ ገዝተው ወንበር ገጥመው ተኩት። አሮጌ በአሮጌ፣ እንደኛ አገር መኪና። ጨው ደግሞ ብረት አይምርም፣ በየጊዜው ወደ ውሃው በሚያዘቀዝቀው መንገድ ወደ የብስ ይጎተትና በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ ለመጎተቻ የሚሆን ጎማ ውሃው ውስጥ ገብተው ነው የሚገጥሙለት።

ከዛ 1974 መጣ። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ደሴቷ ወገብ ላይ አጭር ማኮብኮቢያ ሠሩ፣ 900 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ እና በቃ። በሴፕቴምበር 1974 ሳንድሪንግሃሞቹ መደበኛ በረራቸውን አቆሙ፣ ሮዝ ቤይም እንደ ትልቅ ጣቢያ ተዘጋ። ወሩን ልብ በሉ፣ በኛ የ1966 ማለቂያ፣ የ1967 መግቢያ ነው። በሰንደርላንድ የተመለሱት ንጉሥ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት የወጡት እዛው ወር ውስጥ ነው። ግንኙነት አላቸው እያልኩ አይደለም፣ ምንም ግንኙነት የላቸውም፣ ግን ሁለቱን አንድ ካላንደር ላይ ሳያቸው ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ፈታሁ።

ማንም ክፉ አልሠራም እዚህ ጋ፣ እሱን ልበል። ደሴቷን የጎዳት የለም፣ ይልቅ የተሻለ ነገር ነው የመጣላት፣ ዛሬ ዳሽ 8 አውሮፕላን ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያደርሳል፣ ባሕር ሞላ ጎደለ የለም። ልጁ ሌሊት ያመመው አባት ማኮብኮቢያውን ነው የሚመርጠው፣ እኔም ብሆን። «የድሮው ይሻል ነበር» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የድሮውን ቆመው ጠብቀው አያውቁም። የኔ ነገር ሌላ ነው። ውሃ ላይ የነበረ ነገር ሲዘጋ የሚታይ ምንም አይተውም። አዳማ ስማር የድሮው ባቡር ጣቢያ ጋ እሄድ ነበር፣ ባቡሩ ቆሞ፣ ሰው የለ፣ ግን ሕንፃው አለ፣ ሳር ውስጥ ሐዲድ አለ፣ ልጅህን ይዘህ «እዚህ ጋ ነበር» ማለት ትችላለህ። ውሃውን ግን ምን ብለህ ታሳየዋለህ? ሮዝ ቤይ ዛሬም ትንንሽ ባለተንሳፋፊ አውሮፕላኖች ቱሪስት ይዘው ይነሳሉ፣ ሬስቶራንት አለ፣ ያ ሌሊት ሻንጣ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ግን የቆመበት ውሃ በስንት ሺህ ሙላት ታጥቧል። የቀሩትን ሁለት አውሮፕላኖች ቻርልስ ብሌር የሚባል አሜሪካዊ ፓይለት ገዝቶ ካሪቢያን ወሰዳቸው፣ እሱም በ1978 በሌላ የውሃ አውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ አንዷ አሁን ሳውዝሃምፕተን ሙዚየም ውስጥ ነች፣ ሌላዋ ፍሎሪዳ። ሁለቱም ጣሪያ ሥር፣ ደረቅ መሬት ላይ።

አያቴን ስለመሻገር የጠየቅኳት ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ነው። በፊት ጠይቄያት አላውቅም፣ ያሳፍራል። ቱሉ ጉዶ አንዴ ሄጃለሁ፣ ከባቱ በሞተር ጀልባ፣ መሀል ላይ ሞተሩ ጠፋና ግማሽ ሰዓት ያህል እየተወዛወዝን ቆየን፣ ልጁ ገመዱን እየሳበ፣ እኔ ዋና የማልችል ሰው እግዚኦ እያልኩ። ይሄን እንደ ትልቅ ጀብዱ ስነግራት ሳቀች። በነሱ ጊዜ በደንገል ታንኳ ነው፣ በቀዘፋ፣ ሌሊት ተነስተው ነፋሱ ሳይነሳ ገበያ ለመድረስ፣ መልሱ ላይ ነፋስ ከያዛቸው ዳር ላይ እህላቸውን ታቅፈው ያድራሉ። «ማን ይነግራችኋል ነፋሱ እንደሚመጣ?» አልኳት። «ማን ይነግረናል፣ ውሃው ነዋ» አለች፣ ቡናዋን ፉት ብላ። የተሻገሩበት ቦታ ስም ነበረው ወይ ስላት ነበረው አለችና ነገረችኝ፣ ከዛ ዝም አለች። አሁን ሰው በሌላ በኩል ነው የሚወጣው፣ ስሙን የሚጠራው ያለ አይመስላትም።

ባለፈው እሁድ ቪዲዮውን አሳየኋት። ፍቅር ሐይቅ፣ ዛፉ ሥር፣ ፀሐዩ ስክሪኑን እንዳይጋርድ በነጠላዋ ጥላ ሠራሁላት። ትልቁ አውሮፕላን ሲያርፍ ውሃው ሲበተን እኔ እንደ ልጅ «አየሽ? አየሽ?» እላለሁ፣ እሷ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሴቶቹ ባርኔጣ ይዘው መውረድ ሲጀምሩ ግን እጇን ስልኩ ላይ አደረገች።

«አቁመው እስቲ። ያቺ ታንኳ የማን ናት?»

የደሴቱ ሰዎች ናት አልኳት፣ ሰው ለመቀበል የምትወጣ።

«ሁሌ ትወጣለች? በሌሊትም?»

አውሮፕላኑ በመጣ ቁጥር አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ጀልባዋ ላይ የቆመው ሰውዬ ገመድ ወርውሮ አውሮፕላኑን ይይዛል፣ አንድ እግሩን ጠርዙ ላይ አድርጎ፣ በሌላ እጁ ሴትየዋን ይቀበላል፣ ሦስት ሰከንድ የምትሆን ነገር ናት፣ እኔ ስንቴ አይቼው ልብ ያላልኩት።

«ይሄኛው ያውቅበታል» አለች። «ወደ ኋላ መልሰው። ከምትነሳበት ጀምር።»